ያልተገለጠው መጋረጃ፦ የአሜሪካ መንግሥት የከፈለለትና የዘጋው ቴአትር

ጥር 15 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 24 ቀን 1936፣ በኒው ዮርክ ከተማ ቢልትሞር በተባለው ቴአትር ቤት አንድ ተውኔት ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ታየ። ትኬት አልተሸጠለትም። የታየውም ለሕዝብ እንደሚቀርብ ዝግጅት ሳይሆን፣ የመድረክ ልብስ የተለበሰበት የመጨረሻ ልምምድ ተብሎ ለጋዜጠኞች ነበር። የተውኔቱ ስም «ኢትዮጵያ» ነው። ለጸሐፊው፣ ለተዋንያኑና ለአዳራሹ የከፈለው የአሜሪካ መንግሥት ሲሆን፣ ሕዝብ እንዳያየው ያደረገውም ያው የአሜሪካ መንግሥት ነው።

በዚያኑ ሳምንት፣ ከጥር 11 እስከ ጥር 15፣ በተምቤን ተራሮች ላይ የራስ ካሣና የራስ ሥዩም ሠራዊት ከማርሻል ባዶልዮ ጦር ጋር ተናንቆ ይዋጋ ነበር። ወራሪው በመርዝ ጋዝ ጭምር ይጠቀም ነበር። የቢልትሞር መድረክ ሊያሳየው ያሰበውም ይህንኑ ጦርነት፣ ይልቁንም ለጦርነቱ በር የከፈተውን የኃያላን መንግሥታት ፖለቲካ ነበር። ስለሆነም የዚህ ተውኔት መታፈን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሩቅ አገር የተሰማ ተራ ወሬ አይደለም። ይሁን እንጂ የጉዳዩ ፍሬ በአንድ ተውኔት አያበቃም። መንግሥት ለመድረክ ጥበብ ገንዘብ ሲመድብ ምን ይሰጣል? ምንስ መልሶ ይወስዳል? ይህ ጥያቄ ከ1935 እስከ 1939 በዘለቀው የአሜሪካ የፌዴራል ቴአትር ፕሮጀክት ታሪክ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። (ከዚህ በኋላ የአሜሪካን ታሪክ የሚመለከቱት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

እንደሚታወቀው በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ቀውስ በአሜሪካ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ከሥራ አፈናቅሏል። የቴአትር ሰዎች መከራ ደግሞ እጥፍ ነበር። ድምፅ ያለው ሲኒማ በመስፋፋቱ በየከተማው የነበሩ ቴአትር ቤቶች ወደ ፊልም ማሳያነት ተለወጡ፤ በሲኒማ ቤት ይጫወቱ የነበሩ ሙዚቀኞች ተሰናበቱ፤ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ ይኖሩ የነበሩ ተዋንያን ጦም አዳሪ ሆኑ። የፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት መንግሥት በ1935 የሥራ ማስፋፊያ አስተዳደር የተባለውን ታላቅ መሥሪያ ቤት ሲያቋቁም፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሃሪ ሆፕኪንስ መንገድና ድልድይ ለሚሠራው ሥራ አጥ ብቻ ሳይሆን ለሠዓሊው፣ ለሙዚቀኛው፣ ለጸሐፊውና ለተዋናዩም ሥራ እንዲከፈትለት ወሰኑ። ተዋናይም እንደማንኛውም ሰው መብላት አለበት የሚል ነበር የሆፕኪንስ መከራከሪያ።

የቴአትሩን ክፍል እንዲመሩ የተመረጡት ወይዘሮ ሃሊ ፍላናጋን ነበሩ። ፍላናጋን ልጅነታቸውን ያሳለፉት የሆፕኪንስ የትውልድ ስቴት በሆነው በአይዋ፣ ግሪኔል በተባለች ትንሽ ከተማ ሲሆን፣ ሁለቱም የተማሩት በዚያችው ከተማ ኮሌጅ ነው። በቫሳር የሴቶች ኮሌጅ የሙከራ ቴአትር አቋቁመው ያስተምሩ ነበር። በ1926 ባገኙት የጥናት ድጎማ ወደ አውሮፓ ተጉዘው የብዙ አገሮችን መድረክ፣ በተለይም የሶቪየት ኅብረትን ቴአትር በቅርብ አጥንተዋል። ይህ ጉዞ ያን ጊዜ እንደ ዕውቀት የተቆጠረላቸው ሲሆን፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ እንደ ወንጀል ይቆጠርባቸዋል። ሆፕኪንስ ሲሾሟቸው ሳንሱር የማይነካው፣ ለአዋቂ ሰው የሚመጥን ነፃ ቴአትር እንደሚኖር በይፋ ቃል ገብተው ነበር።

ቃሉ ጥሩ ነበር። የገንዘቡ ሥርዓት ግን ሌላ ነገር ይናገር ነበር። በፕሮጀክቱ ከሚቀጠሩት መቶ ሰዎች ዘጠናው በመንግሥት ዕርዳታ መዝገብ ላይ የሰፈሩ ችግረኞች እንዲሆኑ ግዴታ ተጣለ። በኒው ዮርክ የአንድ ተዋናይ የሳምንት ደመወዝ 23 ዶላር ከ86 ሳንቲም ነበር። ገንዘቡ የሚመደበው ለአንድ ዓመት ብቻ በመሆኑ፣ በየዓመቱ ምክር ቤቱ ካልፈቀደ ነገ የሚባል ነገር አልነበረም። በሌላ አነጋገር፣ ገንዘቡ የተሰጠው ለቴአትር ሳይሆን ለረሃብ ነበር። ይህ ልዩነት በመጀመሪያ ለማንም አልታየም። ረሃብ እስካለ ድረስ ቴአትሩም አለ፤ ረሃቡ ቀለል ሲል ግን ቴአትሩን ራሱን ችሎ የሚያቆመው ምንም ምሰሶ አልነበረም።

እንዲያም ሆኖ ሥራው በአስደናቂ ፍጥነት ተስፋፋ። በከፍተኛው ጊዜ ከ12 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ተቀጠሩ። ብዙው ትርኢት በነፃ ይታይ ነበር፤ ሲከፈልም ዋጋው ከጥቂት ሳንቲሞች እስከ አንድ ዶላር ነው። በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታል፣ በመናፈሻ፣ በእስር ቤት ሳይቀር ትርኢት ቀረበ። ተመልካቹ በአራቱ ዓመታት በ25 እና በ30 ሚሊዮን መካከል ይገመታል። ከእነዚህ ውስጥ በሕይወታቸው ተዋናይ በአካል አይተው የማያውቁ እጅግ ብዙ ነበሩ።

ከፕሮጀክቱ አዳዲስ ሥራዎች ሁሉ የበለጠ የሚነገርለት «ሕያው ጋዜጣ» የተባለው የተውኔት ዓይነት ነው። አስገኙ ምክንያቶች ሁለት ነበሩ። አንደኛው የተግባር ችግር ነው፦ ብዙ ተዋናይ፣ ጥቂት ገንዘብ። ዴኮር ሳያበዛ በመብራት፣ በድምፅ ማጉያና በአጫጭር ትዕይንቶች የሚሠራ፣ ነገር ግን በርካታ ሰው በመድረክ ላይ የሚያሰልፍ አቀራረብ ያስፈልግ ነበር። ሁለተኛው ጋዜጠኞችም ሥራ አጥ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ከጋዜጠኞች ማኅበር ጋር በመተባበር ዋና አዘጋጅ፣ ምክትል አዘጋጅና ዜና ሰብሳቢ ያለው፣ እንደ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል የተዋቀረ የተውኔት ክፍል ተቋቋመ። የኃላፊነቱን ቦታ የያዘው ሞሪስ ዋትሰን የተባለ ጋዜጠኛ ሲሆን፣ ከጸሐፊዎቹ ዋናው አርተር አረንት ነበር። በመድረክ ላይ የሚነገረው ቃል ከጋዜጣ፣ ከምክር ቤት ቃለ ጉባኤና ከባለሥልጣናት ንግግር እንዲወሰድ፣ ምንጩም እንዲታወቅ ተወሰነ። የዚህ ዓይነት ቴአትር ዘመዶች በሶቪየት ኅብረት ውስጥ «ሰማያዊ ሸሚዝ» በተባሉት ተዘዋዋሪ ቡድኖች ዘንድ ይገኙ እንደነበር ፍላናጋን በሚገባ ያውቁ ነበር።

የመጀመሪያው ሕያው ጋዜጣ ርእስ «ኢትዮጵያ» ሆነ። ምርጫው ከአየር ላይ የተቀዳ አልነበረም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣልያ ወረራውን ከጀመረች ወዲህ፣ ከዚያም በፊት ከወልወል ግጭት ጀምሮ፣ የኢትዮጵያ ስም ከአሜሪካ ጋዜጦች የፊት ገጽ ወርዶ አያውቅም ነበር። በኒው ዮርክ ሐርለም የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን በ1935 የበጋ ወራት በሺህ እየተቆጠሩ ለኢትዮጵያ ሰልፍ ወጥተዋል። በዚያች ከተማ ደግሞ ብዙ የኢጣልያ ተወላጆች ይኖራሉ፤ ድምፅም ይሰጣሉ። በዚህ ጊዜ በኒው ዮርክ ሥራ አጥቶ የነበረ የአፍሪካውያን የዘፈንና የውዝዋዜ ቡድን ስለነበር፣ ከበሮ መቺዎቹና ተወዛዋዦቹ በተውኔቱ እንዲሠሩ ተደረገ። አፄ ኃይለ ሥላሴና ሙሶሊኒ፣ የእንግሊዝና የፈረንሣይ ሚኒስትሮችም በተዋንያን አማካይነት ሊቀርቡ ታሰበ። የሚናገሩት ግን በእርግጥ የተናገሩትን ቃል ነበር።

ችግሩ የተጫረው በአንድ ደብዳቤ ነው። ዝግጅት ክፍሉ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ንግግር የድምፅ ቅጂ በተውኔቱ ውስጥ ለማስገባት ወደ ዋይት ሀውስ ጥያቄ አቀረበ። የፕሬዚዳንቱ ጸሐፊ ስቲቨን ኧርሊ ጥያቄውን ሲያዩ ደነገጡ። አሜሪካ በኦገስት 1935 የገለልተኝነት ሕግ አውጥታ ነበር። በመንግሥት ደመወዝ የሚተዳደር ተዋናይ የኢጣልያን መሪ በመድረክ ላይ ሲያቀርብ፣ ሮም የምትወስደው እንደ አሜሪካ መንግሥት አቋም ነው ተባለ። ጃንዋሪ 18 ቀን 1936 የሥራ ማስፋፊያ አስተዳደር ምክትል ኃላፊ ጄኮብ ቤከር አንድ ሰርኩላር ላኩ፦ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስቀድሞ ካልፈቀደ በስተቀር፣ ማንኛውም ሕያው ጋዜጣ የአንድን የውጭ አገር መሪ ወይም ሚኒስትር በመድረክ ላይ እንዳያቀርብ የሚከለክል ነበር።

ፍላናጋን ወደ ወይዘሮ ኤሊኖር ሩዝቬልት ዘንድ ሄደው ተማጸኑ። ወይዘሮ ሩዝቬልትም ጉዳዩን ለባለቤታቸው አቅርበው ትእዛዙ በመጠኑ እንዲላላ አስደረጉ። የመሪዎቹ ቃል ሊጠቀስ ይችላል፣ መሪዎቹ ራሳቸው ግን በተዋናይ ሊመሰሉ አይችሉም ተባለ። ይህ ማሻሻያ ለስሙ ማሻሻያ ነው። ሙሶሊኒን አውጥቶ ስለ ኢትዮጵያ ጦርነት ተውኔት መሥራት፣ ተኩላውን አውጥቶ ስለ በጎቹ ማልቀስ ነው።

የኒው ዮርክ የቴአትር ክፍል ኃላፊ ኤልመር ራይስ ነበሩ። ራይስ በ1929 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኙ ታዋቂ ጸሐፌ ተውኔት ናቸው፤ መንግሥት በቴአትሩ ይዘት ጣልቃ ቢገባ ሥራቸውን እንደሚለቁ ገና ከጅምሩ ተናግረው ነበር። ቤከር ወደ ኒው ዮርክ መጥተው ሲነጋገሩ ራይስ ቃላቸውን ደገሙ። ቤከርም መልቀቂያውን መቀበላቸውን የሚገልጽ፣ አስቀድሞ ተጽፎ የመጣ ደብዳቤ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧቸው። ራይስ ከመሄዳቸው በፊት ግን ጋዜጠኞችን ወደ ቢልትሞር ጠርተው የታገደውን ተውኔት አሳዩ፤ መልቀቃቸውንም በዚያው አስታወቁ። ይህ ነው እንግዲህ በጥር 15 የታየው ትርኢት።

ራይስ በዚያ ቀን የሰጡት መግለጫ ከተውኔቱ ያላነሰ ቁም ነገር የያዘ ነበር። የውጭ ግንኙነት የተባለው ምክንያት ሽፋን መሆኑን ተናገሩ። እውነተኛው ምክንያት፣ በራይስ አባባል፣ ለቤከር ያቀረቡት የወደፊት ዕቅድ ነው፤ በዕቅዱ ውስጥ በደቡብ ስቴቶች ስላለው ሁኔታ የሚናገር ሕያው ጋዜጣ ነበረበት። 1936 የምርጫ ዓመት ነው። የሩዝቬልት ፓርቲ በደቡብ ነጮች ድምፅ ላይ የቆመ ነው። ራይስ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነበሩ ማለት ያስቸግራል፤ የገለልተኝነቱ ስጋት ፈጠራ አልነበረምና። ነገር ግን ሁለቱ ምክንያቶች የሚጣሉ አይደሉም። አንድ መንግሥት በውጭ ወራሪን ላለማስቀየም፣ በአገር ውስጥ ባላባትን ላለማስቀየም አንድ ዓይነት ሰርኩላር ይበቃዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን፣ ተውኔቱ ሐሰት ተናገረ ብሎ የከሰሰ ማንም ባለሥልጣን አለመኖሩ ነው። ያስፈራው እውነት መሆኑ ነበር።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ መንግሥትና መድረክ የተገናኙበት መንገድ ፍጹም የተለየ እንደነበር እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። በሐምሌ ወር 1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የተቋቋመው የአገር ፍቅር ማኅበር በንግግርና በዘፈን ሕዝቡን ለመጪው ጦርነት ይቀሰቅስ ነበር። እዚያ መንግሥት መድረኩን የፈለገው እንዲናገር ነው፤ በኒው ዮርክ የፈለገው ዝም እንዲል ነው። በሁለቱም ቦታ ግን ቁልፉ በአንድ እጅ ነበር። ኢትዮጵያም ብትሆን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለው የመጀመሪያ ተውኔት በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የታገደባት አገር ናት።

ራይስ ሲሄዱ ፍላናጋን ቀሩ። በቴአትር ሰዎች መካከል ለብዙ ዘመን ያከራከረው ይህ ነው። እንደ ራይስ ቢለቁ ስማቸው ንጹሕ ሆኖ በቀረ፤ በሺህ የሚቆጠሩት ተዋንያን ግን ወደ ዕርዳታ ሰልፍ በተመለሱ ነበር። የራይስ መውጣት ክብር ያለው ድርጊት መሆኑ አይካድም፤ ራይስ ግን ሌላ እንጀራ ነበራቸው። ከሳምንት ደመወዙ ሌላ ምንም የሌለው ሽማግሌ ተዋናይ ስለ መርሕ ሥራ መልቀቅ አይችልም። ፍላናጋን ትእዛዙን ተቀብለው፣ ትእዛዙ ባልደረሰበት ቦታ ሁሉ ለመሥራት ቆረጡ። ስለ ውጭ አገር መሪዎች መናገር ከተከለከለ ስለ አሜሪካ ራሷ ይነገራል ማለት ነው።

ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በማርች 1936፣ በዚያው በቢልትሞር መድረክ ስለ ገበሬዎችና ስለ እህል ዋጋ የሚናገር ሕያው ጋዜጣ ተከፈተ። በ1937 ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል ኩባንያዎች፣ በጃንዋሪ 1938 ደግሞ ስለ ድሆች መኖሪያ ቤት ቀረበ። የኋለኛው ስሙን የወሰደው ሩዝቬልት ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛው በችግር እንደሚኖር ከተናገሩት ቃል ሲሆን፣ በኒው ዮርክ 237 ጊዜ ታይቷል። በዚህ ተውኔት ውስጥ አንዳንድ ሴናተሮች በምክር ቤት የተናገሩት ቃል፣ ከቃለ ጉባኤው እንዳለ ተወስዶ በስማቸው ተነገረ። ሴናተሮቹ ተቆጡ። በምክር ቤት ሲናገሩት ያላፈሩበት ቃል በመድረክ ሲሰሙት አሳፈራቸው። ከዚያ ወዲያ ቴአትሩ በእነርሱ ዘንድ የበላበትን ወጭት ሰባሪ ሆኖ ተቆጠረ።

ሐርለም ላይ ኦርሰን ዌልስ የተባለ ገና ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላው ወጣት በኤፕሪል 1936 ጥቁር ተዋንያንን ብቻ አሰልፎ የሼክስፒርን «ማክቤዝ» ሄይቲን በመሰለች ደሴት ላይ አሳየ። አፍሪካውያኑ ከበሮ መቺዎች እዚህም ሠርተዋል። በኦክቶበር 1936 የሲንክለር ሉዊስ ፀረ ፋሽስት ተውኔት በአንድ ምሽት በ21 መድረኮች ላይ ተከፈተ። ሙሶሊኒን በስሙ መጥራት የተከለከለ ቴአትር፣ ፋሽዝም በአሜሪካ ቢመጣ ምን እንደሚመስል በአንድ ሌሊት ለአገሩ ሁሉ አሳየ። የፍላናጋን መቅረት ፍሬ ይህ ነው።

የጣልቃ ገብነቱ ሁለተኛ ገጽታ በጁን 1937 ታየ። ማርክ ብሊትዝስታይን ስለ ብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ትግል የጻፈው የሙዚቃ ድራማ፣ «ዘ ክሬድል ዊል ሮክ»፣ በዌልስ አዘጋጅነትና በጆን ሃውስማን ሥራ መሪነት በማክሲን ኤልየት ቴአትር ቤት ሊከፈት ተዘጋጅቶ ነበር። ጊዜው የብረት ሠራተኞች ሥራ ማቆም የተፋፋመበት ነው፤ ሜይ 30 ቀን የቺካጎ ፖሊስ ተኩሶ አሥር አድመኞችን ገድሏል። መከፈቻው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከዋሽንግተን ትእዛዝ መጣ። በበጀት ቅነሳና በድርጅታዊ ለውጥ ምክንያት ከጁላይ 1 በፊት ማንኛውም አዲስ ዝግጅት እንዳይከፈት ይላል። ስለ ብረት አይናገርም፤ ስለ አድማ አይናገርም፤ የተውኔቱን ስም እንኳ አያነሳም። በጀቱም በእርግጥ ተቀንሶ ነበር። ትእዛዙ የሒሳብ ጉዳይ ነው ያለ አልዋሸም፤ የፖለቲካ ጉዳይ ነው ያለም አልተሳሳተም።

ጁን 16 ቀን ተዋንያኑ ሲመጡ በሩ ተዘግቶ፣ የመንግሥት ዘበኞች ቆመውበት አገኙ። ዴኮሩም ሆነ ልብሱ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ከቤቱ መውጣት አይችልም ተባለ። በዚህ ላይ የተዋንያኑ የሙያ ማኅበር፣ ፌዴራሉ ፕሮጀክት ያላዘጋጀውን ትርኢት በሌላ መድረክ ላይ ወጥተው እንዳይጫወቱ ከለከላቸው። ሃውስማንና ዌልስ በመጨረሻው ሰዓት ቬኒስ የተባለ ባዶ ቴአትር ቤት ተከራዩ፤ አንድ አሮጌ ፒያኖ በጭነት መኪና ተጫነ፤ ተመልካቹም ከተዋንያኑ ጋር 21 መንገድ ያህል በእግሩ ተከትሎ ሄደ። መጋረጃው ሲገለጥ በመድረኩ ላይ ብሊትዝስታይን ብቻውን ከፒያኖው ፊት ተቀምጧል። ሁሉንም ክፍል ብቻውን ሊዘፍን ተዘጋጅቶ ነበር። የመጀመሪያውን ዜማ እንደጀመረ ግን ኦሊቭ ስታንተን የተባለች ወጣት ተዋናይት ከተመልካቹ መካከል ተነሥታ የራሷን ክፍል መዝፈን ያዘች። መድረክ ላይ መውጣት ተከለከለ እንጂ ወንበር ላይ ተነሥቶ መዝፈን የከለከለ አልነበረም። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው ከየተቀመጠበት ተነሣ፤ መብራቱ ተዋናዩን ለመፈለግ በአዳራሹ ውስጥ ተንከራተተ። ያለ ልብስና ያለ ዴኮር የቀረበው ይህ ትርኢት በአሜሪካ የቴአትር ታሪክ ውስጥ ከሚዘከሩት ምሽቶች አንዱ ለመሆን በቃ። ሆኖም በዚያ ምሽት የተዘመረለት ድል የፌዴራል ቴአትር ድል አልነበረም። ዌልስና ሃውስማን ወጥተው የራሳቸውን ቴአትር ቤት መሠረቱ፤ ፕሮጀክቱ ከበፊቱ የደከመ ሆኖ ቀረ።

ዘበኛም ሰርኩላርም የማይጠይቅ ሦስተኛ መንገድ ነበር፤ እርሱም ማዘግየት ነው። ኤብራም ሂልና ጆን ሲልቬራ የተባሉ ሁለት ጥቁር ጸሐፊዎች በ1938 የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ ከባርነት ጀምሮ የሚተርክ ሕያው ጋዜጣ ጻፉ። ርእሱ በአማርኛ «የዘገየ ነፃነት» እንደማለት ነው። ማንም አላገደውም። እንደ ርእሱ ዘገየ፤ መድረክም ሳያይ ቀረ። ራይስ በ1936 ስለ ደቡቡ የተናገሩትን የሚያስታውስ ሰው በዚህ አይገረምም።

በሜይ 1938 የተወካዮች ምክር ቤት ፀረ አሜሪካ ድርጊቶችን የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ። ሊቀመንበሩ የቴክሳሱ ማርቲን ዳይስ ነበሩ። የኮሚቴው አባል የኒው ጀርሲው ፓርነል ቶማስ ምርመራው ገና ሳይጀመር ፌዴራል ቴአትር የኮሙኒስቶች መናኸሪያ ነው ብለው በጋዜጣ አወጁ። (እኚሁ ሰው ከዓመታት በኋላ በደመወዝ መዝገብ ማጭበርበር ተፈርዶባቸው ታስረዋል።) ለወራት ከሳሾች ብቻ ተሰሙ። ፍላናጋን መልስ ለመስጠት ሲጠይቁ፣ የገዛ መሥሪያ ቤታቸው ዝም እንዲሉ አዘዛቸው፤ ንቆ መተው ይሻላል የሚል ሐሳብ ነበር። ይህ የመጨረሻው ስሕተት ሆነ። ፍላናጋን ቀርበው እንዲናገሩ የተፈቀደላቸው ዲሴምበር 6 ቀን 1938 ነው።

በዚያ ቀን የተጠየቁት ስለ በጀት ወይም ስለ ተመልካች ቁጥር አልነበረም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ስላደረጉት የሶቪየት ጉዞና በ1931 ስለጻፉት አንድ መጣጥፍ ነበር። በመጣጥፉ ውስጥ ስለ ሠራተኞች ቴአትር ሲጽፉ የእንግሊዙን ጸሐፌ ተውኔት የክሪስቶፈር ማርሎውን ስም አንሥተዋል። የአላባማው ጆ ስታርንስ ይህን ሲያዩ፣ ይህ ማርሎው የተባለው ሰው ኮሙኒስት ነውን? ብለው ጠየቁ። ማርሎው የሞተው በ1593 ነው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፍላናጋን ከሼክስፒር በፊት የነበረ ታላቅ ጸሐፌ ተውኔት መሆኑ በመዝገብ እንዲሰፍር ጠየቁ። በኋላ እንደጻፉት ግን እርሳቸው አልሳቁም፤ በዚያች ጥያቄ የስምንት ሺህ ሰው እንጀራ ተንጠልጥሎ ነበርና። ለምሳ ከተነሡ በኋላ ኮሚቴው ዳግመኛ አልጠራቸውም። በመዝገብ ይገባል የተባለላቸው የጽሑፍ መከላከያም ሳይገባ ቀረ። በዚያው ወር ሆፕኪንስ የንግድ ሚኒስትር ሆነው ከሥራ ማስፋፊያ አስተዳደር ለቀቁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የበጀት ኮሚቴ ሥራ ነበር። በ1939 የቨርጂኒያው ክሊፍተን ዉድረም የሚመሩት ንዑስ ኮሚቴ ለዕርዳታ ሥራዎች በሚመደበው ገንዘብ ሕግ ውስጥ፣ ከዚህ ገንዘብ ምንም ለቴአትር እንዳይውል የሚል አንቀጽ አስገባ። ለሥነ ጽሑፍ፣ ለሙዚቃና ለሥዕል የነበሩት ፕሮጀክቶች በከባድ ግዴታ ሥር ቢሆንም እንዲቀጥሉ ተፈቀደ። የተዘጋው ቴአትር ብቻ ነው። ወጪው በአራት ዓመት 46 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን፣ ይህ ከሥራ ማስፋፊያ አስተዳደር ገንዘብ መካከል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቁጠባ ምክንያት ሊሆን አይችልም። መጽሐፍ ለብቻ ይነበባል፤ ሥዕል ግድግዳ ላይ ዝም ይላል። ቴአትር ግን በአንድ አዳራሽ በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት፣ በሰው አንደበት፣ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ሕዝቡም አብሮ ያጨበጭባል። ያ ጭብጨባ ነው የማይታለፈው።

ታዋቂ ተዋንያን ለመከላከል ወደ ዋሽንግተን ጎረፉ። የአፈ ጉባኤው ልጅ ተዋናይት ታሉላ ባንክሄድ እንኳ በሴኔቱ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ለመነች። ሴኔቱ ለማዳን ሞከረ፤ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ግን ዘጋው። ሩዝቬልት ሕጉን እየተቃወሙ ፈረሙ፤ ባይፈርሙ የሌሎች ሚሊዮኖች ደመወዝ ይቆም ነበርና። በዚህ ጊዜ ነው በ1935 የተጻፈው ውል ትርጉሙ የተገለጠው፦ ቴአትሩ ከረሃብተኛው ጋር በአንድ ገበታ ስለተቀመጠ፣ ገበታውን ሳይገለብጡ እርሱን ማዳን አልተቻለም።

የመጨረሻው ቀን ጁን 30 ቀን 1939፣ ሰኔ 23 ቀን 1931 ዓ.ም. ነበር። በኒው ዮርክ ሪትዝ ቴአትር ቤት «ፒኖኪዮ» የተባለው የልጆች ተውኔት ይታይ ነበር። አዘጋጁ ያሻ ፍራንክ በዚያ ምሽት መጨረሻውን ለወጠው። በተለመደው ትርኢት የእንጨቱ አሻንጉሊት ሕይወት ያለው ልጅ ይሆናል፤ በዚያ ምሽት ግን ሞተ። የመድረክ ሠራተኞች መጋረጃው እንደተገለጠ በሕዝብ ፊት ዴኮሩን አፈራረሱት። አሻንጉሊቱ በጥድ ሣጥን ውስጥ ተጋደመ፤ የተወለደበትና የሞተበት ቀን ተጻፈለት፤ ገዳዩም የኮንግሬስ ድንጋጌ መሆኑ ተገለጸ።

የፕሮጀክቱ ጽሑፈ ተውኔቶች፣ የዴኮር ንድፎች፣ የልብስ ሥዕሎችና ፎቶግራፎች በሣጥን ተሞልተው ከዓይን ተሰወሩ። በ1974 የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ሁለት መምህራን ፍለጋ ወጥተው በሜሪላንድ ስቴት፣ በባልቲሞር አጠገብ፣ በአንድ የአውሮፕላን መጠለያ ውስጥ ተከማችተው አገኟቸው። ሣጥኖቹ አቧራቸው ተራግፎ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተወሰዱ፤ በ1994ም ወደ አሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ተመለሱ። ቴአትሩን የዘጋው ምክር ቤት ሰነዶቹን በገዛ ቤተ መጻሕፍቱ ያስጠብቃል።